ሦስት ዕጩ መጥቶብናል፤ በምን እንመዝናቸው?

ጥያቄ፦ ባለ ሱቋ (አቶቴ)

ሰላም ናችሁ የሀዋሳ ሰዎች። አቶቴ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በምርጫ ሰሞን ዘይት ሊገዛ የገባ ሁሉ ስለ ዕጩ ሳያወራ አይወጣም። ጆሮዬ ሞልቷል፤ ሐሳቤ ግን አልጠራም።

ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሦስት ሰዎች በሠፈራችን አልፈዋል። አንደኛው በሞንታርቦ ታጅቦ መጣ። የውስጥ ለውስጥ መንገዳችሁን ኮብልስቶን አስነጥፋለሁ፣ ውሃ በፈረቃ መሆኑ ይቀራል አለ። ተጨበጨበለት። ሁለተኛው የሠፈራችን ልጅ ነው። ለቅሶ አይቀርም፣ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ ይገኛል፣ ሽማግሌ ያከብራል። ሦስተኛዋ አስተማሪ ነች። ንግግር አይሆንላትም። ወረቀት እያየች ስለ በጀት ስታወራ ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ገባ።

ባለቤቴ «የምናውቀውን እንምረጥ፤ ችግር ሲመጣ በሩን እናንኳኳለን» ይላል። እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። ፖለቲካ ያልተማረ ሰው ዕጩን በምን ይመዝናል? የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም። ቅስቀሳ እንዳትጽፉልኝ አደራ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር (ታቦር)

ልጄ፣ ሰዎቹን ለጊዜው ተያቸውና መጀመሪያ ወንበሩን እወቂው። የተወካዮች ምክር ቤት አባል ዋና ሥራው ሕግ ማውጣት፣ የፌዴራሉን በጀት ማጽደቅና ሚኒስትሮችን ጠርቶ መጠየቅ ነው። ክልሉ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ በጀት አለው። የሠፈር ኮብልስቶንና የውሃ መስመር ደግሞ የከተማው ሥራ ነው። ስለዚህ ለፌዴራል ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ኮብልስቶን ቃል ሲገባልሽ፣ ወይ የሚወዳደርበትን ወንበር አያውቀውም፣ ወይ አንቺ አታውቂውም ብሎ አስቧል። ሁለቱም ደግ ምልክት አይደለም።

በትሕትና «ይህን የምታሠራው በየትኛው ሥልጣንህ ነው?» በይው። ሐቀኛ ከሆነ «መንገዱን እኔ አላነጥፍም፤ ግን የሚመለከታቸውን እወተውታለሁ» ይልሻል። ያ መልስ ነው። ሌላው ወሬ ይቀይርብሻል።

በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ክርክሩ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር። እኛ ማን አፉ ይጣፍጣል እያልን ስንከራከር፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። የተጠየቀውን ጥያቄ ይጽፋል፤ ከጎኑ «መለሰ» ወይም «ዘለለ» ብሎ ያሰፍራል። አንድ ማታ ደብተሩን ስናይ ያስጨበጨበን ሰውዬ አብዛኛውን ጥያቄ ዘልሎት ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ዕጩ የምሰማው እስክሪብቶ ይዤ ነው።

መልስ፦ የባጃጁ ልጅ

ኧረ ተዉን! ሁሉም ያው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከሰማይ የወረደ መሰላችሁ? ከመናኸሪያ አቶቴ ስመላለስ ስንቱን ፖስተር አየሁ። ዝናብ ሲያጥበው ሰውየውም አብሮ ይጠፋል። እኔ ካርድም አላወጣም።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛዋ (ፒያሳ)

ወንድሜ፣ አንተ ካርድ ባታወጣ ወንበሩ ባዶ አይቀርም። በእኛ ሕግ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም። አንተ ስትቀር የሌላው ሰው ድምፅ ይከብዳል፣ በቃ። ስለ መብላት ያልከው ግን ልክ ነው። እኔም ሰው የምመዝነው በዚያ ነው።

እህቴ ባለ ሱቋ፣ ሁሉንም ስለ ገንዘብ ጠይቂያቸው። ቃል የገቡት ነገር ብር ይፈልጋል። ከየት ይመጣል? ግብር ይጨመራል? ብድር ነው? ወይስ ከሌላ ሥራ ተቀንሶ? ዱቤ የጠየቀሽን ሰው መቼ ትከፍላለህ ሳትይው ዘይት አትቀጂለትም። ለእነዚህስ ምን አሳዘነሽ?

ሌላም አለኝ፤ ብዙ ሰው የማይጠይቀው። ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ደንብ ያልጠበቀ ግዢ፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። «ኦዲተሩ ጉድለት አገኘሁ ሲል አንተ ምን ታደርጋለህ?» በይው። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጠርቶ ጉድለቱ እስኪታረም እንዲከታተል እጠይቃለሁ ካለሽ ሥራውን ያውቀዋል። «ሙስናን እንታገላለን» ብቻ ካለሽ መፈክር ነው።

አስተማሪዋን እንደገና ስሚያት። ስለ በጀት ስታወራ ያወራችው ስለ ሥራዋ ነው። ወረቀት ማየትም ነውር የለውም። ግን ንግግር ያልሆነለት ሁሉ ሐቀኛ ነው እንዳትዪ። አሰልቺ ውሸታምም ሞልቷል።

መልስ፦ የሐይቅ ዳሩ

የሠፈሩን ልጅ ለምን ታቃልሉታላችሁ? የሌሎቹን የምታውቁት ፖስተራቸውን ነው፤ የእሱን ጠባዩን ታውቃላችሁ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ የምታውቁት ምኑን እንደሆነ አስቡበት። ለቅሶ መድረሱ ደግነቱን ያሳያል፣ ሌላ ነገር ግን አይነግራችሁም።

የጋራ ገንዘብ ይዞ ያውቃል? የዕድር ገንዘብ ያዥ ከነበረ፣ መዝገቡን ያስረከበበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ፈልጉ። ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር ገጠመ? ሲጠየቅ «አታምኑኝም ወይ?» ብሎ ተቆጣ፣ ወይስ ገልጦ አሳየ? ስብሰባ ላይ ሐሳቡ ሲሸነፍስ? አኩርፎ የወጣ ሰው ምክር ቤት ሲገባ ጠባዩ አይቀየርም። ይህን ለማወቅ ፖለቲካ መማር አያስፈልግም፣ ሁለት ሽማግሌ መጠየቅ ይበቃል።

በር ማንኳኳት የሚለው ግን አልተመቸኝም፤ ባለቤትሽ አይቀየመኝ። ተመራጩ የእናንተን ልጅ ሥራ አስገባ ማለት ወረፋ የያዘ የሌላ ሰው ልጅ ወደ ኋላ ተገፋ ማለት ነው። ተመራጩ የሌላ ሠፈር ልጅ የሆነ ዕለት ደግሞ የምትገፉት እናንተ ናችሁ።

መልስ፦ የሕግ ሰው

የምትመርጡት ሰውየውን ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። በተግባር ግን አብዛኛው እጁን የሚያወጣው ፓርቲው በወሰነው ነው። 547 ወንበር ባለበት ምክር ቤት አንድ ሰው ብቻውን የሚያሳልፈው ሕግ የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም እኛ በቀጥታ አንመርጥም፤ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። ስለዚህ ሰውየው ጨዋ ነው ብላችሁ የፓርቲውን ፕሮግራም ሳታነቡ አትለፉ።

እኔ አንድ የምወደው ጥያቄ አለ። «ከፓርቲህ ጋር የማትስማማበትን አንድ ነገር ንገረን» በሉት። ምንም የለም ካለ፣ የምትመርጡት ፓርቲውን ብቻ መሆኑን ዕወቁት። የግል ዕጩ ከሆነ ጥያቄው ይገለበጣል፦ «ብቻህን ገብተህ ከማን ጋር ተስማምተህ ትሠራለህ?»

ወንበሩ ላይ ያለ ሰው በድጋሚ ከቀረበ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ነው፤ መሐል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። በዚያ ዕረፍት ወደ መራጮቹ መጥቶ ያውቃል? የሰማውን ይዞስ ማንን ምን ጠየቀ? መራጩ እምነት ካጣበት የአምስት ዓመት ዘመኑ ሳያልቅ በሕግ መሠረት ውክልናው ሊነሳ እንደሚችልም ያው አንቀጽ ይናገራል። ይህን ስታነሱበት ፊቱን እዩት።

መልስ፦ ከሁዌላ ቱላ

ሦስቱንም በአንድ ቀን ጥሩና አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቋቸው። የሲዳማ ሽማግሌዎች አፊኒ፣ ማለትም በባህሉ ለምክክርና ለዕርቅ፣ ሲቀመጡ አንዱን ወገን ብቻ ሰምተው አይወስኑም። ዕድራችሁ አዳራሽ ወይም ድንኳን ካለው በቂ ነው። ለእያንዳንዳቸው እኩል ደቂቃ፣ ሞንታርቦ የለም።

መልስ፦ የሐይቅ ዳሩ

ወንድሜ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዕድር ላይ ግን አይሁን። ፖለቲካ የገባበት ዕድር ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከዚያ አስከሬን ማን ሊያነሳ ነው?

መልስ፦ ከሁዌላ ቱላ

ሦስቱም እኩል ከተጠሩ የሚያጣላ ነገር የለም። አንዱን ብቻ ስትጠሩ ነው የሚያጣላው።

መልስ፦ ታዛቢ ነበርኩ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ በታዛቢነት ተቀምጫለሁ። ስለ ወሬ ልንገራችሁ። ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ያሉት ጥቂት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ ክልክል ነው። በቴሌግራም ጉድ የሚለቀቀው ግን ያኔ ነው። ዕጩው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ የለውማ! የተቆራረጠ ቪዲዮ ይመጣል፣ ሰውየው ያላለውን በገዛ ድምፁ ሲናገር ታገኙታላችሁ። አሁን ድምፅ በኮምፒውተር መፈብረክ ቀላል ሆኗል። በእነዚያ ቀናት የሰማችሁትን አዲስ ነገር የሚታወቁ የዜና ማሰራጫዎች ካልዘገቡት፣ ሐሳባችሁን እንዳያስቀይራችሁ።

ሌላው ስጦታ ነው። ብር ወይም ዘይት ይዞ የመጣ ሰው ድምፃችሁን ሊገዛ ነው የመጣው። ሕጉም ይከለክላል። ያስፈራራ ካለም አትጨነቁ፤ መጋረጃው ውስጥ የምትገቡት ብቻችሁን ነው፣ ምልክቱን የት እንዳደረጋችሁ የሚያይ የለም። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ላይ ይካሄዳል፣ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ማምሻውን ሄዳችሁ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ጥያቄ (የቀጠለ)፦ ባለ ሱቋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የዕድሩን ነገር የዕድራችን ዳኛ አልተቀበሉትም፤ የሐይቅ ዳሩ ደስ ይበልህ። እኔ ግን የሥልጣኑንና የኦዲተሩን ጥያቄ በካርቶን ጀርባ ጽፌ ባንኮኒው ላይ አቆምኩት። ያለፈ ያገደመው ያነበዋል። የዕጩዎቹ ሰዎችም አነበቡት።

የኮብልስቶኑ ሰውዬ ቀስቃሾች «እሱን ከተመረጠ በኋላ ያብራራዋል» ብለው ቲሸርት ሰጥተውኝ ሄዱ። መምህር፣ ይሄ «ዘለለ» ነው አይደል? አስተማሪዋ ራሷ መጣች። የኦዲተሩን ጥያቄ እንደ ውሃ ጠጣችው፤ ደንበኞቼም ቆመው ሰሟት። ከፓርቲዋ የማትስማማበትን ስጠይቃት ግን ፈገግ ብላ ሻይ ቅጠል ገዝታ ወጣች። የሠፈራችን ልጅ መጀመሪያ «እትዬ፣ ይሄን አላሰብኩበትም» አለኝ። በማግሥቱ ግን አንብቦ ተመለሰ። ኮሚቴው እንዴት እንደሚሠራ፣ የትኛው ላይ መግባት እንደሚፈልግ ነገረኝ። የዕድሩን መዝገብም አጣርቻለሁ፤ ደረሰኝ አልጎደለበትም። ባለቤቴ «አላልኩሽም?» እያለ ነው። እኔ የክልሉን ዕጩዎችም ሳልጠይቅ አልወስንም ብዬዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናቴ ማንበብ አይችሉም። ዓይናቸውም ደክሟል። ለመምረጥ ግን ከሁላችንም በላይ ቸኩለዋል። እንዴት ይሁን?

መልስ፦ ታዛቢ ነበርኩ

ቀላል ነው። እርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ ራሱ የመረጠውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል፤ ዕጩ ወይም የፓርቲ ወኪል ግን መሆን የለበትም። አንቺ ከገባሽ እሳቸው ያሉሽ ላይ ብቻ ምልክት አድርጊ፤ ምክር ካለሽ ቤት ጨርሺ። የዕጩዎቹን የምርጫ ምልክት አስቀድመሽ አሳያቸው፤ ሁለት ወረቀት ነው የሚሰጣቸው፣ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት አንዱ ለክልሉ። እስክሪብቶ ካልተመቻቸው በጣት አሻራ ይሆናል። አረጋውያን ቅድሚያ ስለሚሰጣቸው ሰልፍ ላይ እንዳይቆሙ አስተናባሪዎቹን ንገሪያቸው። የመራጭነት ካርዳቸውንና መታወቂያቸውን ከዋዜማው ቦርሳ ውስጥ ክተቺ።