«ኢስትረስ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ሐረር ላይ ለአዳቃይ ቴክኒሻኖች የሚሆን አጭር የቃላት መፍቻ እያዘጋጀን አንድ ቃል ላይ ቆመናል፦ ኢስትረስ፣ ማለትም ሴት እንስሳ ለስሪያ ወንድ የምትፈልግበት አጭር ጊዜ። ኢስትረስ የመጣው ከግሪክኛው «ኦይስትሮስ» ነው፤ ከብት የሚያስበረግግ ተናካሽ ዝንብ፣ ሲሰፋም እብደት ማለት ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዋልተር ሂፕ በ1900 እ.ኤ.አ. የአጥቢዎችን የስሪያ ወቅት ሲከፋፍል ከዚሁ ቃል ፕሮኢስትረስን (ከፍላጎቱ በፊት ያለውን)፣ ሜትኢስትረስን (ከፍላጎቱ በኋላ ያለውን)፣ አንኢስትረስን (ፍላጎት የሌለበትን ጊዜ) አበጀ። (የእንስሳትን ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ሊኒየስ ደግሞ በ1758 ቃሉን ለበግ አፍንጫ ዝንብ ስም አድርጎ ሰጥቶታልና መፍቻው ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል።)

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ስሙን (estrus፣ ፍላጎቱን) እና ቅጽሉን (estrous፣ ለዑደቱ የሚውለውን) በአንድ ፊደል ይለያል፤ በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም «ኢስትረስ» ይሆናሉ። የላም ዑደት 21 ቀን ገደማ ሲሆን ፍላጎቱ ራሱ ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ሁለቱ ከተምታቱ «ጠዋት ምልክት ያሳየችን ላም ማታ አዳቅል» የሚለው ደንብ ትርጉም ያጣል።

«ኮርማ መፈለግ» ለላም ይሠራል፤ ለፍየልና ለግመል ግን አይሆንም። «ድራት» አጭር ነው፤ «ቅድመ ድራት»፣ «ድኅረ ድራት» ይሄዳል፤ አንኢስትረስ ላይ ሲደርስ ግን «ኢድራት» ለጆሮ ይጎረብጣል። የተሻለ አለ? የድሬዳዋና የባቢሌ አርቢዎች ለሴት ግመል ፍላጎት የሚሉትን የምታውቁም፣ ከነቋንቋው ጻፉልን።