«ግራኝ ልጅን ወደ ቀኝ መልሱት» ያለው እንግዳ

የግራኟ እናት፦ ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ አንድ እንግዳ «ግራኝ ልጅ በቀኝ አእምሮው ስለሚያስብ ቋንቋ ይከብደዋል፤ ትምህርት ቤት ሳይገባ ወደ ቀኝ መልሱት» ሲል ሰማሁ። አዘጋጁም ዝም ብሎ አለፈው። ልጄ ግራኝ ናት፤ አፏ ከፈታ ጀምሮ ወሬዋ አያልቅም። ስንቱ ወላጅ ይህን ሰምቶ ልጁን ያስጨንቅ ይሆን? በጣም ነው የተናደድኩት።

የድሮ አስተማሪ፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? እኔም ግራ እጄ በነጠላ ጫፍ እየታሰረ ነው ቀኝ የለመድኩት። ምንም አልሆንኩም። ጡረታ እስክወጣ ሰሌዳ ላይ ጽፌበታለሁ።

ነርሷ፦ ግራ እጅን የሚያዘው ቀኙ የአንጎል ክፍል ነው፣ እስከዚህ ልክ ነው። ቋንቋ ግን እጅን ተከትሎ አይሄድም። ከቀኝ እጅ ተጠቃሚዎች 95% ያህሉ ቋንቋቸው በግራው ክፍል ነው። ከግራኞችም 70% ያህሉ እንደዚያው። የቀሩት በቀኙ ወይም በሁለቱም ነው፤ እነሱም ጥርት አድርገው ያወራሉ። ስትሮክ ግራ አንጎሉን መትቶ ቀኝ እጅና እግሩ አልታዘዝ ያለው ሰው ሲመጣ ቶሎ ብለን የምናናግረው ለዚህ ነው። የምንለውን እየሰማ፣ በዓይኑ እየተከተለን፣ «ውሃ» የምትለዋ ቃል ብቻ አልወጣ ትለዋለች።

የድሮ አስተማሪ፦ እንግዲህ ቋንቋ ግራ በኩል መሆኑን አመንሽ ልጄ። ቀኝ እጅን የሚያዘውም ግራው ነው። ታዲያ ጽሕፈትን ከቋንቋው ጋር ማገናኘት ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ነርሷ፦ ተገናኝተዋል እኮ ጋሼ! ሁለቱን ክፍሎች 200 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮች ያያይዟቸዋል። አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ሮጀር ስፔሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል የተሸለመው የሚጥል በሽታን ለማስታገስ ይህ ድልድይ የተቆረጠላቸውን ሕሙማን አጥንቶ ነው። በግራ በኩል ዕቃ ሲያሳያቸው፣ ያዩት ወደ ቀኙ ክፍል ብቻ ስለሚሄድ፣ «ምንም አላየሁም» ይላሉ፤ ግራ እጃቸው ግን ያንኑ ዕቃ ለይቶ ያነሳል። የዚህች ልጅ ድልድይ ግን አልተቆረጠም።

ሰዓሊው፦ ቀኝ አእምሮ የፈጠራ ነው። ግራኞች ጥበበኞች የሆንነው ለዚህ ነው፤ ይህንንም ጨምሩበት።

ነርሷ፦ እባክህ ለእኛ ብለህ ሌላ ተረት አታምጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎች የአንጎል ምስል አይተው «የቀኝ አእምሮ ሰው» የሚባል አላገኙም።

ሰዓሊው፦ በማሽን ጥበብ አይለካም።

ግራኙ ከጎንደር፦ ወደ «ምንም አልሆንኩም» ልመለስ ጋሼ። እኔ ሆኛለሁ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን ስንቀመጥ ክርኔ ከጎኔ ካለው ልጅ ጋር ይጋጫል። የጻፍኩት ሳይደርቅ መዳፌ ያልፍበታል፤ ደብተሬም እጄም በቀለም ይበከላል። በማስመሪያ የምገረፈው እኔ ነኝ። በግራ ጠርዝ ቢያስቀምጡኝ ግጭቱ ያልቅ ነበር።

የድሮ አስተማሪ፦ መምታቱን ማን ደገፈ? እኔ በእጁ ምክንያት የመታሁት ተማሪ የለም። ምንም አልሆንኩም ያልኩት ስለ ራሴ ነው።

ግራኙ ከጎንደር፦ ስለ ራስዎ ከሆነ ለሰው ልጅ አይምከሩበት።

ሰናይት፦ ጽሕፈቱስ ይሁን። ማዕድ ላይስ? በግራ እጅ የቀረበ ጉርሻ ማን ይቀበላል?

የግራኟ እናት፦ በቀኟ ነው የምትበላው፣ አስለምጃታለሁ። እርሳሷን ግን አልነካባትም።

የድሮ አስተማሪ፦ እንጀራው ካልጎዳት እርሳሱ ምን ያደርጋታል?

ነርሷ፦ መጉረስና መጻፍ አንድ አይደሉም። በማይታዘዝ እጅ ፊደል የሚለቅም ልጅ ሐሳቡ እጁ ላይ ያልቃል።

ዲያቆኑ፦ መጽሐፈ መሳፍንት ላይ ናዖድ ግራኝ ነበር። 700 ግራኝ ብንያማውያንም ወንጭፋቸው ፀጉር አይስትም ነበር። ማንም ወደ ቀኝ አልመለሳቸውም።

የድሮ አስተማሪ፦ እነሱ የያዙት ወንጭፍ ነው፣ እስክሪብቶ አይደለም።

የግራኟ እናት፦ ለጣቢያው ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ጋሼ፣ ይፈርማሉ?

የድሮ አስተማሪ፦ ልጅ አይመታ የሚለው ላይ እፈርማለሁ። «መልሱት» ማለቱ ስህተት ነው ካላችሁ ግን አልፈርምም።