ለጉዞ የሚሆን ትንሽ የቡሶላና የካቻቢቴ ጫፍ ስብስብ ያስተማምናል?

ጥያቄ፦
በመኪና ረጅም መንገድ የምጓዝ ሲሆን አንዳንድ ጊዜም ብስክሌቴን ጭኜ እወጣለሁ። ቡሶላዎችን (በብሎን ራስ ላይ የሚገጠሙ ክብ መፍቻዎችን)፣ የካቻቢቴ ጫፎችንና አንዲት አጭር ራቼት (ቡሶላውን የምታዞር፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምትይዝ ባለ ጥርስ እጀታ) በአንድ ትንሽ ሣጥን አጣምሮ የያዘ ስብስብ ለመግዛት አስቤያለሁ። ትልቁን የመፍቻ ሣጥን ትቶ ይህን ብቻ መያዝ ያዋጣል? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ይጠቅማል፤ ነገር ግን የአቅሙን ወሰን ዐውቀው ይያዙት። የእነዚህ ስብስቦች ራቼት ከቡሶላው ጋር የሚገጥምበት አራት ማዕዘን ጫፍ ብዙውን ጊዜ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እጀታውም አጭር ነው። ስለዚህ የላላ የባትሪ ማሰሪያ ለማጥበቅ ወይም የተንጠለጠለ መከለያ ለማሰር ከበቂ በላይ ሲሆን፣ የጎማ ብሎን ግን በፍጹም አይሞከርበትም። የብዙ የቤት መኪኖች የጎማ ብሎን ከ100 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) በላይ ስለሚጠብቅ፣ እጀታውን በቧንቧ አስረዝመው ቢታገሉት የሚሰበረው የራቼቱ ጥርስ ነው። የጎማ መፍቻው ከነክሪኩ ከመኪናው አይለይ።

መልስ 2፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ምርጫው ነው። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው የዕቃ ብዛት አያታልልዎት፤ አብዛኛው እጅ የማይነካው ጫፍ ነው። ከመነሣትዎ በፊት የመኪናዎን ብሎኖች አንድ በአንድ ይለኩ። በጃፓን መኪኖች 8፣ 10፣ 12 እና 14፣ በአውሮፓ መኪኖች ደግሞ 8፣ 10 እና 13 ሚሊ ሜትር አዘውትረው ይገኛሉ። ቡሶላው ከባለ 12 ማዕዘን ይልቅ ባለ 6 ማዕዘን ቢሆን ይመረጣል፤ የብሎኑን ራስ በጎኑ ስለሚይዘው ጠርዙን አይበላውም። የራቼቱንም ጥርስ ይጠይቁ፦ ባለ 72 ጥርስ በየ5 ዲግሪው ሲይዝ ባለ 24 ጥርስ 15 ዲግሪ መዞር ይፈልጋል፤ እጅ እንኳ በማያላውስ የሞተር ጥግ ውስጥ ይህ ልዩነት ብሎኑን በመፍታትና ባለመፍታት መካከል ያለ ነው። ማስረዘሚያ ዘንግ የሌለውን ስብስብ አይግዙ።

መልስ 3፦
ስለ ብስክሌቱ ላክልበት። 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር የአለን (ባለ 6 ማዕዘን) ጫፎች የመቀመጫውንና የመሪውን ብሎኖች በአብዛኛው ይሸፍናሉ፤ የዲስክ ፍሬን ካለው ባለ ኮከቡ ቲ25 የተባለው ጫፍ ይጨመር። አጫጭሮቹ ጫፎች ርዝመታቸው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጠልቆ የተቀበረ ብሎን ዘንድ አይደርሱም፤ ለዚያ 50 ሚሊ ሜትር የሆኑትን ይያዙ። በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ስብስቡን ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያስገቡት፤ በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው የመሣሪያ ርዝመት ከአገር አገር ይለያያል።