ለሸመገሉ አባሎቻችን የምናቀርበው ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን እንጨርሰው

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር 40 ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ 60 አልፏል። ትልቅ ድል ነው። አሁን ግን ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት አባሎቻችን ይረሳሉ፣ ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል፣ ክሊኒክ ሲሄዱ ደግሞ ቫይራል ሎዳቸው (በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን) ብቻ ታይቶ "ጥሩ ነው" ተብለው ይሸኛሉ። ረቂቁ ላይ ለነሱ ማዕከል እንገንባ የሚል ሐሳብ አለ፣ እሱ ይውጣ ባይ ነኝ። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ሰዎቻችን ያሉት ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒክ ወረፋ ላይ ነው፣ ልንደርስላቸው የሚገባውም እዚያው ነው።

ኬዝ ማናጀር፦ ልክ ነው። የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ የሚሰጥበት ቀጠሮ ሥራ ላለው ሰው እፎይታ ነው፤ የሚረሳን ሰው ግን ግማሽ ዓመት ሙሉ የሚያየው የለም። በቅርቡ አንዲት እናት ማለቅ የነበረበትን ብልቃጥ ግማሹን እንኳ ሳይጨርሱት ይዘው መጡ። "ጠዋት መዋጤን እጠራጠራለሁ፣ ደግሜ እንዳልውጥ ብዬ እተወዋለሁ" አሉኝ። ካርዳቸው ላይ የተጻፈው ግን "በአግባቡ አይወስዱም" ነው፣ በጣም አዘንኩ። ስለዚህ መድኃኒት ሊወስዱ ክሊኒክ በሚመጡበት ቀን አጭር የማስታወስ ፍተሻ ይደረግ። 4 ቃል ይነገራቸዋል፦ ውሻ፣ ቆብ፣ ባቄላ፣ ቀይ። ቀጥሎ ጣት ቶሎ ቶሎ ማጋጠም፣ ከዚያ እጅን ጠረጴዛ ላይ በጭብጥ፣ በመዳፍ፣ በጎን ማፈራረቅ፣ መጨረሻ ላይ ቃላቱን ማስታወስ። ከጠቅላላው 12 ነጥብ ውስጥ 10 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ወደ ሐኪም ይላካል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ይሠራዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለጉልበት ደግሞ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር 5 ጊዜ መነሳት፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ጡንቻው ደክሞ ሊሆን ይችላል።

አንድ አባል፦ ልጆቼ፣ እኔ ስልሳን አልፌያለሁ። ድሮ የወሰድኩት ስታቩዲን የሚባል የኤችአይቪ መድኃኒት ያስቀረብኝ የእግር ማቃጠል ዛሬም አለቀቀኝም፣ እና ቀስ ብዬ ብነሳ ጡንቻዬ ብቻ አይደለም፣ ይህም ይጻፍ። ነጥቡ ያነሰበትንም ሰው ቶሎ "የመርሳት በሽተኛ" አትበሉት። ድብርት፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የቢ12 እጥረት ሁሉ ያስረሳል፣ ታክሞ የሚሻለውም አለ። ጆሮው የደከመ ሰውም ቃሉን መጀመሪያውኑ ላይሰማው ይችላል። ቤተሰቡ ስለ ቫይረሱ የማያውቅ ሰው ደግሞ አለ፣ ቤት ለቤት ስትመጡ ጽሑፍ ያለበት መኪና ይዛችሁ እንዳትመጡብን አደራ።

ሒሳብ ያዥ፦ ጋሼ ያሉት እንዳለ ይግባ። ወንበርና ሰዓት ወጪ የለውም። ገንዘቡ የሳምንቱ ቀናት ለተጻፉበት የመድኃኒት ሣጥንና ለቤት ጉብኝት ትራንስፖርት ይዋል። ፍተሻውን ማን ይሥራ ግን? ነርሶቹ ላይ መጫን አይሆንም፣ አሁንም እስከ ማታ ነው የሚሠሩት።

ኬዝ ማናጀር፦ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ የሚያግዙት አድሄረንስ ሰፖርተሮች ይሠልጥኑ። ራሳቸውም መድኃኒቱን ስለሚወስዱ ሰው አይፈራቸውም።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። ነጥቡ ያነሰበት ሰው ቀጠሮው ከ6 ወር ወደ 3 ወር እንዲያጥርም እጨምራለሁ፣ ያለዚያ ፍተሻው ወረቀት ላይ ይቀራል። የቀራችሁ ካለ እስከ ዓርብ ማታ ጻፉ፣ ሰኞ አስገባዋለሁ።