በድሮ የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ያሉ ቃላት አስቸገሩኝ፤ የሚያውቅ ይርዳኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በ1700ዎቹ በቨርጂኒያና በፔንሲልቬኒያ ጋዜጦች ይወጡ የነበሩ «አገልጋዬ ጠፋብኝ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከጠፉት ብዙዎቹ ለመርከብ መሳፈሪያቸው ሲሉ ለዓመታት ሊያገለግሉ ውል የገቡ ድሆች ናቸው፤ ከ1718ቱ ሕግ ወዲህ ደግሞ ከብሪታኒያ ለ7 ወይም ለ14 ዓመት የተጋዙ እስረኞች አሉበት።

አለባበሱንና መልኩን የሚገልጹትን እንደምንም ተወጥቼዋለሁ። «ኦስናበርግ» ከጀርመኗ ኦስናብሩክ ከተማ ስሙን ያገኘ ሻካራ የተልባ እግር ጨርቅ ነው። «ፖክ ፍሬተን» ፊቱን ፈንጣጣ የጠቀጠቀው ማለት ነው። «የራሱን ጸጉር ያደርጋል» የሚለውም ዊግ እንደማያደርግ ለመንገር ነው፤ ያኔ ዊግ የተለመደ ነበርና።

የያዘኝ «ዳውን ሉክ» (ቃል በቃል «ወደ ታች ያለ አስተያየት») የሚለው ነው፤ በየማስታወቂያው ይደጋገማል። አቀርቃሪ ልበለው? ፊቱ የማይፈታ? ወይስ ዓይን ለዓይን የማያይ? አቀርቃሪ ካልኩት ትሑት ሰው ይመስላል፤ ጌታው ግን ሊያመሰግነው የጻፈው አይመስለኝም። ስለ ብዙዎቹ ሰዎች የቀረው ጽሑፍ ይህ ብቻ ሊሆን ስለሚችል በግምት ማለፍ ይከብደኛል።

ሌላው፣ ለያዘው የሚሰጠው ወሮታ «ሁለት ፒስቶል» ይላል። የስፔን የወርቅ ሳንቲም ነው፤ አንባቢ ግን ሽጉጥ እንዳይመስለው እፈራለሁ። «የስፔን ወርቅ» ብለው ያስኬዳል?

ደግሞስ «ሰርቫንት» የሚለውን ሎሌ ልበል ወይስ አሽከር? ባሪያ እንዳልል፣ በባርነት የተያዙት አፍሪካውያን እዚያው ገጽ ላይ ለብቻቸው ተጠቅሰዋል። የዘመኑን እንግሊዝኛ የምታውቁ እባካችሁ ሐሳባችሁን ስጡኝ።