ግሪኒችን በአንድ ቀን ለማየት፦ ጉልበቷን ከሚያማት እናቴ ጋር ከየት ብንጀምር ይሻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከእናቴና ከ9 ዓመት ልጄ ጋር ለንደንን ለመጎብኘት እየተዘጋጀን ሲሆን፣ ከቆይታችን አንዱን ቀን በቴምዝ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ ለሚገኘው ለጥንታዊው የግሪኒች ሰፈር መድበናል። ልጄ ዜሮ ኬንትሮስ በሚባለው፣ ምሥራቅና ምዕራብ በሚለካበት መስመር ላይ ቆሞ አንድ እግሩን በምሥራቅ፣ ሌላውን በምዕራብ ለማድረግ ሲመኝ ከርሟል፤ እኔ ደግሞ የቀድሞውን የባሕር ኃይል ኮሌጅ ሕንፃዎች ማየት እፈልጋለሁ። ችግራችን እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገት መውጣት አለመቻሏ ነው። በካርታው ላይ እንደማየው ከቲ ሳርክ የተባለችው አሮጌ መርከብና ሙዚየሞቹ ከወንዙ አጠገብ፣ የከዋክብት መመልከቻው ግን ኮረብታ ላይ ነው። ከየት ብንጀምር ይሻላል? ከወንዙ ሥር በሚያልፈው የእግረኞች ዋሻ መሄድስ ይቻለን ይሆን? ክፍያ የሚጠየቅባቸው የትኞቹ እንደሆኑም ብትገልጹልን ውለታችሁ አለብን።

መልስ፦ በአካባቢው የኖረ አባል

አብዛኛው ጎብኚ ከወንዙ ተነሥቶ ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ እርስዎ ግን ከላይ ይጀምሩ። በኤሌፋንት ኤንድ ካስልና በኦልድ ኬንት ሮድ በኩል የሚሄደው 53 ቁጥር አውቶቡስ ዳገቱን ራሱ ወጥቶ ብላክሂዝ የተባለውን ሰፊ ሜዳ ያቋርጣል። በግሪኒች ፓርክ ደቡባዊ በር አቅራቢያ ስትወርዱ፣ ከበሩ እስከ ከዋክብት መመልከቻው ድረስ ያለው መንገድ በዛፎች መካከል የተዘረጋ ቀጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ እናትዎ እያረፉ ሊሄዱበት ይችላሉ። አውቶቡሱ ከባቡር ይዘገያል፤ ይሁንና የሚቆጥብላችሁ ድካም ጊዜውን ይክሳል።

ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ከጄኔራል ዎልፍ ሐውልት ሥር ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ የሰፈሩ አሠራር በአንድ ጊዜ ይገለጥላችኋል፤ ከላይ ጀምሩ የምልበት ሁለተኛው ምክንያትም ይኸው ነው። ከፊታችሁ የምትታየው ትንሽ ነጭ ሕንፃ የንግሥቲቱ ቤት ትባላለች። ኢኒጎ ጆንስ ለቀዳማዊ ጄምስ ባለቤት ለዴንማርኳ አን በ1616 መሥራት የጀመራት ናት። በዚያ ዘመን ከዴፕትፎርድ ወደ ዉልዊች የሚወስደው መንገድ በመካከል ያልፍ ስለነበር፣ ቤቷ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሠርታ ከላይ በድልድይ ተያያዘች፤ ዛሬ በሁለቱም ወገን የሚታየው የአምዶች ረድፍ የቆመው በአሮጌው መንገድ ላይ ነው። በኋላም ክሪስቶፈር ሬን ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች መርከበኞች መጠለያ ሆስፒታል (በኋላ የባሕር ኃይል ኮሌጅ የሆነውን) ሲነድፍ፣ ከቤቷ ወደ ወንዙ ያለው እይታ እንዳይዘጋ ዳግማዊት ሜሪ ስለፈለገች፣ ግንባታውን ለሁለት ከፍሎ መካከሉን ክፍት ተወው። ታች ሆኖ የሚያይ ሰው ክፍተቱ ለምን እንደተተወ አይገባውም፤ ከላይ ሲታይ ግን ቤቷ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ልክ እንደ ሥዕል በክፈፍ ውስጥ ትቀመጣለች።

ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ በፓርኩ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ወደ ወንዙ መውረድ ነው።

መልስ፦ ሌላ አባል

ከላይ መጀመሩን እደግፋለሁ፤ በመጨረሻው ምክር ግን አልስማማም። የታመመ ጉልበት ያለው ሰው እንደሚያውቀው፣ ቁልቁለት አንዳንድ ጊዜ ከዳገት ይብሳል፤ ከመመልከቻው ወደ ሙዚየሙ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። እኔም እናቴን ይዤ በዚያው ወርጄ፣ የቀረውን ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አሳለፉት።

የሚሻለው በመጡበት ሜዳ ተመልሶ 53 ቁጥርን በተቃራኒው አቅጣጫ መሳፈርና ዴፕትፎርድ ብሪጅ ላይ መውረድ ነው። ከዚያ ዲ ኤል አር በሚባለው ቀላል ባቡር ሁለተኛው ፌርማታ ከቲ ሳርክ ሲሆን፣ ከጣቢያው ወጥታችሁ ጥቂት እርምጃ ብትሄዱ ከመርከቧ ፊት ትደርሳላችሁ። በዚህ መስመር ጣቢያዎች ሁሉ ያለ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይቻላል።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁልቁለቱን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ስለ መስመሩና ስለ ዋሻው የምታውቁ ካላችሁ ጨምሩልኝ፤ እንዲሁም ሁለት ሕንፃ ብቻ ለመግባት ብንወስን የትኞቹን ትመርጡልናላችሁ?

መልስ፦ መምህር የሆነ አባል

ለልጅዎ አስቀድመው ሊነግሩት የሚገባ ነገር አለ። በከዋክብት መመልከቻው ግቢ ውስጥ ባለው መስመር ላይ ቆሞ ስልኩን ቢመለከት ዜሮ አያነብም፤ ሳተላይቶች የሚጠቀሙበት ዜሮ ከዚያ 102 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ፓርኩ ውስጥ ነው። የግቢው መስመር ጆርጅ ኤይሪ ከ1851 ጀምሮ በተጠቀመበት ቴሌስኮፕ የተወሰነ ሲሆን፣ 25 አገሮች በ1884 ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ዋናው ኬንትሮስ እንዲሆን የመረጡትም እርሱን ነው። መሣሪያው ቀጥ ያለውን አቅጣጫ የሚያውቀው በአካባቢው የመሬት ስበት ነበር፤ ስበቱ ደግሞ በዚያ ቦታ ጥቂት ያዘነብላል። ሳተላይቶች ግን ስሌታቸውን የሚጀምሩት ከመሬት እምብርት ነው። ስለዚህ ልጁ ሁለቱንም መስመሮች ፈልጎ ቢያገኝ ጉብኝቱ ወደ ጨዋታ ይለወጥለታል።

ወደ ግቢው ለመግባት ይከፈላል። ሆኖም ከአጥሩ በስተ ሰሜን፣ በውጭ ባለው የእግር መንገድ ላይ ያው መስመር ያለ ክፍያ ይታያል። በበሩ ግድግዳ ላይ ያለው ባለ 24 ሰዓት የሼፐርድ ሰዓትም በነፃ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የግሪኒችን ሰዓት ብቻ ስለሚያሳይ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ከለንደን ሰዓት በአንድ ሰዓት የዘገየ ይመስላል። ተበላሽቶ አይደለም፤ የአዲስ አበባን ሰዓት (በዓለም አቀፉ አቆጣጠር) ለማግኘት ሁልጊዜ 3 መጨመር ይበቃል።

የሚቻላችሁ ከሆነ በእነርሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት (በእኛ አነጋገር 7 ሰዓት) ሳይሞላ እዚያው ተገኙ። ከ1833 ጀምሮ በጣሪያው ላይ ያለው ቀይ ኳስ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይወርዳል። በቴምዝ ላይ መልሕቅ የጣሉ መርከቦች ከጉዞ በፊት ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት እርሱን እያዩ ነበር፤ ኬንትሮስ የሚሰላው በሰዓት ልዩነት ስለሆነ፣ ባሕር ላይ ሰዓቱ የተዛባበት መርከብ ኬንትሮሱንም ይስታልና። ኮረብታውንና ወንዙን የሚያገናኘው ጉዳይ በመሠረቱ ይህ ነው። ኳሱ ነፋስ ሲበረታ ላይወርድ ይችላል።

መልስ፦ አራተኛ አባል

ስለ ዋሻው፦ በ1902 የተከፈተ፣ 370 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና ክፍያ የሌለው ነው። በሁለቱም ጫፍ አሳንሰር ቢኖርም አልፎ አልፎ ስለሚቆም፣ በዚያን ጊዜ ረጅም ጠመዝማዛ ደረጃ መውጣት ግዴታ ይሆናል። እናትዎን ይዘው አይሞክሩት። በማዶ ካለው አይላንድ ጋርደንስ ከተባለው መናፈሻ የሚታየው ገጽታ ግን እጅግ ያማረ በመሆኑ፣ ጊዜ ከተረፋችሁ በባቡር ተሻግራችሁ ብታዩት አትጸጸቱም።

ሁለት ብቻ ምረጡልን ላሉት፣ የእኔ ምርጫ በቀድሞው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ውስጥ ያለው የሥዕሉ አዳራሽና ከቲ ሳርክ ናቸው፤ ሁለቱም ያስከፍላሉ። የአዳራሹን ጣሪያና ግድግዳ ጄምስ ቶርንሂል ከ1707 እስከ 1726 ድረስ ሥሎታል፤ የአድሚራል ኔልሰን አስከሬን በ1806 ለሕዝብ ስንብት ያረፈውም በዚሁ ነው። ከቲ ሳርክ ከቻይና ሻይ ለማመላለስ በ1869 የተሠራች ባለ ሸራ መርከብ ናት፤ በዚያው ዓመት የስዊዝ ቦይ ተከፍቶ የእንፋሎት መርከቦች አጭሩን መንገድ ስለያዙ፣ በኋላ ከአውስትራሊያ ሱፍ ወደ ማመላለስ ዞረች። በ2007 እሳት ቢነሣባትም፣ ብዙ እንጨቷ ለጥገና ተነቅሎ ሌላ ቦታ ስለነበረ ተረፈች። ዛሬ ከፍ ተደርጋ ስለቆመች ከሥሯ መሄድ ይቻላል። ብሔራዊ የባሕር ሙዚየምና የንግሥቲቱ ቤት የመግቢያ ክፍያ የላቸውም፤ ስለዚህ ለዝናብ ጊዜ ያቆዩአቸው።

ለትራንስፖርት እርስዎም እናትዎም የየራሳችሁን የባንክ ካርድ ማስጠጋት አለባችሁ፤ በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይስተናገድም። ልጅዎ ከ11 ዓመት በታች ስለሆነ ከእርስዎ ጋር በአውቶቡስም በቀላል ባቡሩም በነፃ ይሄዳል። ለመመለሻ የወንዝ ጀልባ ብትይዙ እናትዎ ተቀምጠው ታወር ብሪጅን ያያሉ፤ ክፍያው ግን በባቡርና በአውቶቡስ ዕለታዊ ጣሪያ (በአንድ ቀን ከዚያ በላይ በማይከፈለው መጠን) ውስጥ አይቆጠርም።

ወንዙ በቀን ሁለት ጊዜ ከባሕሩ ጋር ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲጎድል ልጁ ወደ ዳርቻው አሸዋ መውረድ ቢያምረውም፣ ሙላቱ በፍጥነት ስለሚመለስ ከላይ ሆኖ ይመልከት። ያለ ፈቃድ ዕቃ መፈለግም ሆነ መቆፈር በሕግ የተከለከለ ነው።

ጠያቂዋ

እንግዲህ በ53 ቁጥር ወጥተን ኳሱ ሲወርድ እናያለን፤ ከዚያ በዴፕትፎርድ ብሪጅ ዞረን ወደ መርከቧና ወደ አዳራሹ እንሄዳለን፣ በጀልባም እንመለሳለን። ዋሻውን ትተነዋል። ልጄ ስለ 102 ሜትሩ ከሰማ ጀምሮ እርምጃውን ሳሎን ውስጥ እየለካ ነው።