የፍርምባ ቅርፊት ለምን ይላሽቃል? መጠቅለልስ መቼ ነው?

ጭስ ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 5.5 ኪሎ የበሬ ፍርምባ (ብሪስኬት) ነው፤ ጮማው ሳይነካ፣ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭስ ላይ። ቅመሙ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ። እንዳይደርቅ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃና ኮምጣጤ እረጭበታለሁ። የውስጡ ሙቀት 68 ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያኔ በፎይል እጠቀልለዋለሁ። ሥጋው ይለሰልሳል፣ ቅርፊቱ ግን ቡናማ ጭቃ ሆኖ ፎይሉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሁሉም «74 ላይ ጠቅልል» ይላል። ጥፋቱ ስድስት ዲግሪ ብቻ ነው ወይስ ሌላ የሳትኩት ነገር አለ?

እሳት ጠባቂ፦
ስድስቱ ዲግሪ ምንም አላጠፋም። ቴርሞሜትሩ የሚነግርህ የሥጋውን መሀል ነው፤ ቅርፊት የሚሠራው ላዩ ላይ ነው። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

ሙቀቱ ለምን ቀጥ እንደሚል ካወቅህ የቀረው ቀላል ነው። ሥጋው እንደ ሰው ያልበዋል። ከውስጥ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ እሳቱ የሚያስገባውን ያህል ትነቱ ያስወጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከ65 እስከ 77 ባለው መሀል ለሰዓታት አይነቃነቅም። ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ አይጠቁርም። ላቡ መቀነስ ሲጀምር ጨውና ቅመሙ ከቀለጠው ጮማና ከሥጋው ጭማቂ ጋር ተዋህደው ይደርቃሉ፣ ይጠቁራሉ፤ ቅርፊት ማለት ይኸው ነው። አንተ 68 ላይ የጠቀለልከው ሥራው ገና ሲጀመር ነው። በየግማሽ ሰዓቱ መርጨትህ ደግሞ ሊደርቅ የተዘጋጀውን መልሶ ያርሰዋል፤ ያቀዘቅዘዋልም።

ለመጠቅለል እነዚህን ተመልከት፦

ቀለሙ ከቀይ ቡናማ አልፎ ወደ ጥቁር የተጠጋ ይሁን። ከዚያ በጥፍርህ ስሱን ጎን (የፍርምባውን ቀጭን ክፍል) መሀል ላይ ቀስ ብለህ ጫር። ቅመሙ ተነስቶ ከሥሩ ግራጫ ሥጋ ከታየ ክደነውና ተመለስ፣ ገና ነው። ጥፍርህ ደረቅ ነገር ላይ እንዳለፈ ተንሸራቶ ካለፈ ደርሷል። በመጨረሻ የላዩን ጮማ በጣትህ ተጫነው፦ እንደ ጎማ መልሶ ከገፋህ አልቀለጠም፤ የጣትህ ጉድጓድ ከቀረ ቀልጧል። ሦስቱም ሲሟሉ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ72 እስከ 80 ያሳያል፤ 74 የሚባለውም ከዚህ የመጣ አማካይ ነገር ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

እሳቱን ወደ 120 ወይም 125 አድርገው። የመጀመሪያውን ሦስት ሰዓት ክዳኑን አትክፈት። ከዚያ በኋላ ብትረጭም በሰዓት አንዴ፣ የደረቁትን ጠርዞች ብቻ።

ስል ቢላዋ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን ችግሩ ከቢላው ይጀምራል። ጮማውን ሳትነካ ከሆነ የምታስገባው በዚያ በኩል ቅርፊት አትጠብቅ። 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ግፈፈው፤ ፍርምባው ባሉት በሁለቱ ጡንቻዎች (በስሱና በወፍራሙ) መሀል ያለውን ጠንካራ ጮማም ቆርጠህ አውጣ፣ እሱ በጭራሽ አይቀልጥም። ቀጭንና ሹል ጠርዝ ካለ አክብበው፣ ካልሆነ ከሰል ይሆናል።

ከተገፈፈ በኋላ 5 ኪሎ ከቀረህ 50 ግራም ጨው ይበቃል። ጨውን ከማታው ነስንሰህ ሳትሸፍነው ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው፤ ላዩ ደርቆ ያድራል። ቁንዶ በርበሬው (35 ግራም ገደማ) ጠዋት ይጨመር። ዱቄት አይሁን፣ እንደ ሻካራ አሸዋ የተሰበረ ይሁን፤ ቅርፊቱ የሚይዘው እሱን ነው። ስኳር አያስፈልግም።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ከአራት አምስት ሰዓት በኋላ ሥጋው ሲኮማተር መሀሉ ይጎደጉዳል፣ ጭማቂ እዚያ ይጠራቀማል። ሌላው ሁሉ ጠቁሮ ያ አንድ ቦታ የመዳፍ ያህል ገርጥቶ ይቀራል። ከመጀመሪያው ከሥሩ ትንሽ ጉማጅ እንጨት አድርግ፣ መሀሉ ቀና ይልና ፈሳሹ በጎን ይወርዳል። ከተጠራቀመም በሶፍት ምጠጠው እንጂ አትጥረገው፤ መጥረግ ቅመሙን ያነሳዋል።

ወረቀት ወዳጅ፦
ፎይሉን ማንም አልነካውም እኮ! የደረቀ ቅርፊት ይዘህ እንኳ በፎይል አጥብቀህ ጠቅልለህ አራት ሰዓት ካቆየኸው በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል። ቶሎ ይደርሳል፣ ቅርፊቱ ግን ይላሽቃል። ያልተቀባ ቡናማ የሥጋ ወረቀት ተጠቀም (ሰም የተቀባው አይሆንም፣ ይቀልጣል)። 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ 1.2 ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ቅጠል ግማሽ በግማሽ አደራርበህ፣ አየር ሳታስቀር ጥብቅ አድርግ። ወረቀቱ በጮማ ይርሳል፣ እንፋሎቱን ግን ያሾልካል።

እኔ ግን ከሁለቱም የማስበልጠው ሌላ ነው፦ ፎይሉን እንደ ጀልባ አጥፎ ከታችና ከጎን ብቻ ማቀፍ፣ ላዩን ክፍት መተው። ታች ያለው በጭማቂው ይለሰልሳል፣ ላዩ እየደረቀ ይቀጥላል።

እሳት ጠባቂ፦
ጀልባው ለወፍራሙ ጫፍ ጥሩ ነው። ስሱ ጎን ቀጭን ከሆነ ግን ላዩ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ይደርቃል፤ እዚያ ወረቀት ይሻላል።

ጭስ ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ቀለሙ ጠቁሮ ግን መራራ የሚሆነውስ? እና አንዴ የላሸቀ ቅርፊት ይመለሳል?

እሳት ጠባቂ፦
መራራው ቅርፊት አይደለም፣ ጥላሸት ነው። በነጭ ሶፍት ነካ አድርገው፤ ጥቁር ዱቄት ይዞ ከወጣ እሱ ነው። ለዚህ ነው ቀለሙን ብቻ አትመን የምለው። የሚመጣው እሳቱ አየር አጥቶ ወፍራም ነጭ ጭስ ሲያጨስ ነው። የጭስ ማውጫውን ሙሉ ክፈተው፣ ሙቀቱን በአየር ማስገቢያው ተቆጣጠር፤ እንጨቱ በደንብ የደረቀና የእጅ አንጓ ያህል ውፍረት ያለው ይሁን። ሥጋውን የምታስገባው ጭሱ ቀጥኖ፣ ሰማያዊ መስሎ፣ አንዳንዴም ለዓይን አልታይ ሲል ነው።

ወረቀት ወዳጅ፦
የላሸቀው ፎይሉ ላይ ካልተላጠ ይመለሳል። ፈትተህ በባዶው በፍርግርጉ ላይ በ130 ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆየው። የተላጠውን ግን እርሳው።

ብዙ ጊዜ የሚላሽቀው ደግሞ ከወጣ በኋላ ነው። የውስጡ ሙቀት 95 አካባቢ ሆኖ ስሱ ጎን ላይ የሰካኸው መውጊያ (የቴርሞሜትሩ ሹል) ሳይያዝ ሲገባ ሥጋውን አውጣው፣ መጠቅለያውን ከፍተህ እንፋሎቱ እስኪቀንስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተወው። ከዚያ መልሰህ ጠቅልለህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አሳርፈው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጡ ከ60 ዲግሪ እንዳይወርድ። ሳታስተነፍሰው ወዲያው ከዘጋኸው ቀኑን ሙሉ የጠበቅኸውን ቅርፊት በግማሽ ሰዓት ትቀቅለዋለህ።